ድምፁ የት ላይ ቆመ?

በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ሥዕሉም ድምፁም ከአንድ ወፍራም ሣጥን ይወጡ ነበር። የዛሬው ቴሌቪዥን ግን እንደ ሰሌዳ ስስ ሆኗል፤ ድምፅ ማውጫዎቹም ጥቃቅን ሆነው ከበስተጀርባው ወይም ከበታቹ ተሸጉጠዋል። ሥዕሉ ሲሰፋ ድምፁ ቀጠነ ማለት ነው። ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን ከውጭ ካለ የድምፅ ማጉያ ጋር ለማገናኘት የሚደክመውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ገመዱ ሁሉ ከተሰካ በኋላ ሥዕሉ መጥቶ ድምፁ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ረገድ የደረሰብንንና የተማርነውን ለጓደኞቻችን ለማካፈል ይህን ጽፈናል። እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን እንጂ መሐንዲሶች አይደለንም። ይሁን እንጂ ነገሩ ከመሐንዲስነት ይልቅ ሥርዓት ያለው አጠያየቅ የሚፈልግ ሆኖ አገኘነው።

ከክፍል ጓደኞቻችን አንዱ ዐይነ ስውር ነው። ቤተሰቡ የሚኖረው ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ ከአዘዞ አለፍ ብሎ በሚገኘው በጠዳ ነው። አንድ እሑድ የፋሲል ከነማን ጨዋታ አብረን ለመከታተል ወደዚያ ሄድን። የቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ ማውጫ ከተበላሸ ቆይቶ ነበርና፣ ዘመድ ከውጭ አገር የላከውን ማጉያ ከነስፒከሮቹ አገናኘን። ሥዕሉ አማረ፤ ድምፅ ግን የለም። ገመዱን ነቀልን፣ መልሰን ሰካን፣ ሪሞቱን ሁሉ ነካካን፤ ምንም። እናቱ «ልጆቼ፣ ቡናው ሳይበርድ ጠጡ» ቢሉን ተቀመጥን። ከመካከላችን አንዱ «መቼም ይታያል» አለ። ጓደኛችን «ለእናንተ ይታያል» ብሎ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ጎል ገብቶ ስንጮኽ «ማን አገባ?» ሲል ጠየቀን። ያን ጊዜ ሲኒያችንን አስቀምጠን ተነሣን። ከዚያ በኋላ በእርሱ ጥያቄ እየተመራን የሠራነውን፣ ዘግይተንም ያወቅነውን ጨምረን በተራ እናስረዳለን።

1ኛ፤ ስሞቹን መለየት። በአገራችን «ሪሲቨር» ሲባል ሁሉም የሚያስበው ከዲሽ የሚመጣውን ሥርጭት የሚቀበለውን ሣጥን ነው። የሆም ቴአትር ዕቃ የሚሠሩ ኩባንያዎች ግን ድምፅ የሚያጎላውንም ሣጥን ሪሲቨር ይሉታል። በዚህ ምክንያት የአንዱ መመሪያ ለሌላው እየተነበበ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኛ የመጀመሪያውን ሪሲቨር፣ ሁለተኛውን ማጉያ እንላለን።

2ኛ፤ መንገዱን መቁጠር። ድምፅ መንገደኛ ነው። ከዲሽ ተነሥቶ ወደ ሪሲቨሩ፣ ከሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከዚያ ወደ ማጉያው፣ በመጨረሻም ወደ ስፒከሮቹ ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ተበላሸ?» ሳይሆን «የት ላይ ቆመ?» መሆን አለበት።

3ኛ፤ መንገዱን ከመካከል ከፍሎ መፈተን። የቴሌቪዥኑ የራሱ ስፒከር የሚናገር ከሆነ ድምፁ እስከዚያ ደርሷል ማለት ነው። የማይናገር ከሆነ ጣቢያ ለውጦ፣ የሪሲቨሩም ድምፅ ተዘግቶ እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። ማጉያውን ደግሞ ስልክ አገናኝቶ ዘፈን በማጫወት መፈተን ይቻላል፤ ከዘፈነ ማጉያውና ስፒከሮቹ ደኅና ናቸው። በማጉያው ላይ የተመረጠው መግቢያ ገመዱ ከተሰካበት ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥም አይረሳ፤ ገመዱ በአንዱ በር ገብቶ ማጉያው በሌላው በር የሚጠብቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

እኛ ለስልክ የሚሆን ገመድ አልነበረንም። ጓደኛችን «የማጉያውን ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ንቀሉ፤ ከዚያ የጃኩን ጫፍ በጣታችሁ ንኩት» አለን። ብንነካው ስፒከሮቹ ጉም ጉም አሉ። «እንግዲህ ማጉያውም ገመዱም ይሠራሉ» አለ። ይህ የሚደረገው ግን በቀጭኑ የድምፅ ገመድ ብቻ ነው፤ የመብራት ገመድን በዚህ ዐይነት መፈተን፣ ሣጥኑንም መክፈት ለሕይወት ያሰጋል።

4ኛ፤ መግቢያንና መውጫን መለየት። በተለመደው የኤቪ ገመድ ቢጫው ለሥዕል፣ ነጩ ለግራ ድምፅ፣ ቀዩ ለቀኝ ድምፅ ነው። ቀለሙን ከቀለሙ ማጋጠም ግን አይበቃም። ቀዳዳው አጠገብ «ኢን» ተብሎ ከተጻፈ መግቢያ፣ «አውት» ከተባለ መውጫ ነው። ብዙ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች የዚህ ገመድ መግቢያ እንጂ መውጫ የላቸውም። መግቢያን ከመግቢያ ጋር ማገናኘት ሁለት ጆሮዎችን ፊት ለፊት አስቀምጦ ወሬ እንደ መጠበቅ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ድምፅ ከጠፋ ደግሞ ቀዩንና ነጩን በማጉያው በኩል ማለዋወጥ ነው፤ ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከዞረ ጥፋቱ ከገመዱ ወይም ከምንጩ ነው፤ ካልዞረ ከማጉያው ወይም ከስፒከሩ ነው።

5ኛ፤ የብርሃን ገመድ። ኦፕቲካል የሚባለው ገመድ ድምፁን በብርሃን ያስተላልፋል። ከቴሌቪዥኑ ሰክተን ሌላውን ጫፍ ወደ መዳፋችን ብናዞር ቀይ ብርሃን መታየት አለበት። ጫፉን የሚሸፍነው ትንሽ ክዳን ካልወለቀ ግን ብርሃኑ አያልፍም። ብርሃኑ እያለ ድምፅ ከሌለ ቴሌቪዥኑ ማጉያው በማያውቀው ዐይነት እየላከ ይሆናል፤ በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ «ፒሲኤም» የሚለውን መምረጥ ብዙ ጊዜ መፍትሔ ነው።

6ኛ፤ ኤችዲኤምአይ። ይህ ገመድ ድምፅን ከቴሌቪዥን ወደ ማጉያ መመለስ የቻለው «አርክ» የተባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ዕቃ ላይ «አርክ» ተብሎ የተጻፈበትን ቀዳዳ መፈለግ፣ በቴሌቪዥኑ ማስተካከያም «ሲኢሲ» የሚባለውን መክፈት ይገባል። ሲኢሲን ሳምሰንግ «አኒኔት»፣ ኤልጂ «ሲምፕሊንክ» ይሉታል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግንኙነቱ ከተቋረጠ፣ ሁለቱንም ከመብራት ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መልሶ መሰካት ይጠቅማል።

ወደ ጠዳ እንመለስ። ጓደኛችን ጉምጉምታውን ከሰማ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረበልን፤ «ገመዱን ከቴሌቪዥኑ የሰካችሁበት ቀዳዳ ላይ ምን ተጽፏል?» አለን። በስልክ መብራት ጎንበስ ብለን አነበብን፤ «ኢን» ይላል። አንድ ሰዓት ሙሉ ያየነው ጽሕፈት ነበር፤ ማናችንም አላነበብነውም። ቴሌቪዥኑ የዚህ ገመድ መውጫ አልነበረውም። ሪሲቨሩ ግን በጀርባው ቀይና ነጭ መውጫ ስለ ነበረው፣ ሥዕሉን በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ድምፁን በቀጥታ ወደ ማጉያው ላክን። በዚህ ዐይነት ከፍላሽ የሚጫወት ፊልም በማጉያው አይሰማም፤ የዲሹ ሥርጭት ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

የጨዋታው የመጨረሻ ሃያ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ተንታኙ ኳሷን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያስከትል፣ ጓደኛችን ፊቱን ከግራው ስፒከር ወደ ቀኙ እያዞረ አዳመጠ። ከእኛ ቀድሞ የሚጮኸውም እርሱ ሆነ።

ከዚህ የተማርነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚነካካ ሰው ዕቃው ቢሠራለት እንኳ ምን እንደ ሠራ አያውቅምና፣ አንዱን ብቻ ለውጦ ውጤቱን ማዳመጥ ይገባል። ሁለተኛው፣ «መቼም ይታያል» ከማለታችን በፊት ለማን እንደሚታይ መጠየቅ አለብን። በየዶርማችንና በየመዝናኛ ክፍላችን ድምፅ አልባ ሆነው የተሰቀሉ ቴሌቪዥኖች አሉ። ከአጠገባቸውም ዝም ብለው የሚቀመጡ ጓደኞች አሉን። የሚጎድለው ምናልባት አንድ ገመድ ነው።