የሕግ ትምህርት ድንበር ሲሻገር
ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሕግ ለማጥናት ማሰቤን በነገርኩት ጊዜ አባቴ፥ «ሐኪም የትም ቢሄድ የሰው ሆድ ያው ሆድ ነው፤ ሕግስ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። አንድ ዘመዳችን የሕግ ዲግሪውን ይዞ አሜሪካ ከገባ በኋላ፥ በዚያ ዲግሪ ብቻ ጥብቅና መቆም እንደማይችል ስለ ተነገረው ጥያቄው ከዚህ የመጣ መሆኑ ገባኝ። ስለዚህ ጉዳዩን መርምሬ ያገኘሁትን ለጓደኞቼ ተማሪዎች ለማካፈል ወደድሁ።

በመጀመሪያ ምክንያቱን እንመልከት። አበው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ፤ ሕግም እንዲሁ የየአገሩ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በዚህ ሥርዓት ዳኛው አስቀድሞ የሚመለከተው የተጻፈውን አንቀጽ ነው። እርግጥ፥ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ሌሎችን ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን «ኮመን ሎው» የተባለው ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ያደገው በቀደሙ ዳኞች ውሳኔ ነው። እንግዲህ የእኛ አገር የሕግ ምሩቅ ወደዚያ ሲሄድ የሚጎድለው ዕውቀት አለ ማለት ነው።

በአሜሪካ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው በየክፍላተ ግዛቱ ነው። ለምሳሌ ያህል ኒው ዮርክን ብንወስድ ሥርዓቱ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ የጠበቆች ፈተና ቦርድ የአመልካቹን ትምህርት በዘመኑ ርዝመትና በይዘቱ ይመረምራል። ዘመኑ በቂ ሆኖ ይዘቱ ከኮመን ሎው የተለየ ከሆነ፥ አመልካቹ በታወቀ የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው የማስተርስ ትምህርት ተምሮ ጉድለቱን ይሞላል። ዘመኑም ይዘቱም ከጎደሉ ግን በዚህ መንገድ ማቃናት አይቻልም።

2ኛ/ ሁለት ቀን የሚፈጀውን የጠበቆች ፈተና ወስዶ ከ400 ነጥብ ቢያንስ 266 ማግኘት አለበት። ስለ ጠበቆች ሥነ ምግባርም ሌላ ፈተና አለ።

3ኛ/ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ የሕግ አገልግሎት መስጠትና ጠባዩ ተመርምሮ መልካም ሆኖ መገኘት ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ የትምህርት ማስረጃው ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለቦርዱ መላክ ያለበት መሆኑ ነው። በእጅ ተይዞ የሄደው ወረቀት አይበቃም። ዘመዳችን ብዙ ወራት ያባከነው በዚህ ምክንያት ነበር፤ እዚህ ሳለ በሁለት ቀን ሊያስፈጽመው የሚችለውን ጉዳይ ከባሕር ማዶ ሆኖ በሰው በሰው ሲለምን ከረመ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሶሊሲተር ለመሆን የሚፈልግ በሁለት ክፍል የተከፈለ ፈተና ይወስዳል። በአገሩ ጠበቃ የሆነ ሰው ከሌሎች አመልካቾች የሚጠየቀውን የሁለት ዓመት የሥራ ልምምድ እንዲያሟላ አይገደድም።

ከዚህ በኋላ ለአባቴ እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ «የሕግ ዲግሪ ባሕር ማዶ ዋጋ አያጣም፤ ነገር ግን ለብቻው አይበቃም»። አባቴም ጥቂት አሰብ አድርጎ፥ «እንግዲያው አስቀድመህ የአገርህን ሕግ በደንብ ተማር» አለኝ። እኔም ይህንኑ ቆርጬአለሁ። ወደ ውጭ ለመሄድ የምታስቡ ጓደኞቼም፥ የምትሄዱበትን አገር ደንብ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ማስረጃችሁንም እዚሁ ሳላችሁ አስልኩ።