ቀዩን የስልክ ዳስ ፍለጋ ወደ ዌስትበሪ

ለንደን፣ ቢግ ቤን አጠገብ፣ ቀዩ የስልክ ዳስ ደጃፍ ተሰልፎ ፎቶ መነሳት ይቻላል፤ ከኋላዎ የቆመው ሰው ግን ያቻኩልዎታል። በሩን ከፍተው፣ ተረጋግተው ለማየት ከፈለጉ ገጠር ይውጡ። እኔ የምመርጠው ሶመርሴት ውስጥ ያለችውን ዌስትበሪ ሰብ ሜንዲፕን ነው።

የባቡር ቲኬት ሲቆርጡ ይጠንቀቁ፤ ዌስትበሪ የሚባለው ጣቢያ ያለው ዊልትሸር ውስጥ፣ ሌላ ከተማ ነው። ከፓዲንግተን እስከ ብሪስቶል በባቡር፣ ከዚያ እስከ ዌልስ በአውቶቡስ ይሂዱ (ከተማዋን እንጂ አገሪቱን ማለቴ አይደለም)። መንደሯ ከዌልስ ወደ ቼዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። የገጠር አውቶቡስ በተለይ እሑድ ስለማያስተማምን፣ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድመው ያጣሩ።

በመኪና እየዞረ መጽሐፍ የሚያውሰው ቤተ መጻሕፍት ሲቋረጥባቸው፣ መንደርተኞቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ዳሱን ከስልክ ኩባንያው በ1 ፓውንድ ገዝተው መደርደሪያ አስገቡለት። አንድ መጽሐፍ ትቶ ሌላ መውሰድ ነው፤ ስለዚህ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። የአማርኛ ልብ ወለድ ቢተዉ ማን እንደሚያነሳው እንጃ፤ መሞከሩ ግን አይከፋም።

ሞዴሉ ኬ6 ይባላል። ሰር ጃይልስ ጊልበርት ስኮት በ1935፣ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የነገሡበት 25ኛ ዓመት ሲከበር የነደፈው ነው። ቁመቱ 2.5 ሜትር ገደማ ሲሆን ክብደቱ ወደ 700 ኪሎ ይጠጋል። የቲክ እንጨት በሩ ከባድ ስለሆነ የልጆች ጣት እንዳይቆነጥጥ ይያዙት። በየትኛውም መንደር ኬ6 ሲያገኙ ቀና ብለው ዘውዱን ይዩ፦ ቅስቱ ላዩ ክብ ከሆነ ዳሱ የተሠራው ከ1953 በፊት ነው፤ መሃሉ ሰርጎድ ካለ ደግሞ በኤልሳቤጥ 2ኛ ዘመን።

ቀይ ቀለሙን መጀመሪያ ሁሉም አልወደደውም። መልክዓ ምድራቸው ባማረ አንዳንድ ገጠሮች ዳሱ ግራጫ እስከመቀባት ደርሶ ነበር። ዛሬ በእንግሊዝ ከ2,000 በላይ ዳሶች በቅርስነት ተመዝግበዋል፤ እነዚህን ያለ ፈቃድ መለወጥ ወንጀል ነው። ተለጣፊ ወረቀትም ሆነ የስም ጽሑፍ አይተዉባቸው። በብዙ መንደሮች ዳሱ ውስጥ ድንገት የቆመን ልብ በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ መሣሪያ ስለሚቀመጥ፣ ለፎቶ ብለው በሩ ላይ ቆመው መግቢያውን አይዝጉ።

ለንደን ሲመለሱ ፒካዲሊ ያለው በርሊንግተን ሀውስ መግቢያ ጎራ ይበሉ። ስኮት ከኬ6 በፊት ለነደፈው ዳስ በ1924 ለውድድር ያቀረበው፣ ከእንጨት የተሠራው የመጀመሪያ ናሙና እዚያው ቅስቱ ሥር ቆሟል። መግቢያ አይከፈልበትም፤ ሰልፍም የለውም።