የከተማ ፕላንና የውኃ አጠባበቅ እንዴት እንደሚመረመር

የአንድ ከተማ መልካምነት በመንገዱ ስፋትና በሕንጻው ቁመት ብቻ የሚታወቅ አይደለም። ሕዝቡ በበጋ የሚጠጣው ውኃ ከወዴት እንደሚመጣ፥ በክረምት የሚወርደውም ጎርፍ በወዴት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ካልታሰበ፥ የተደከመበት ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ነገር የከተማ ሹም ሥራ ብቻ መስሎ ይታያል፤ ዳሩ ግን የከተማው ውኃ የሚወለደው በገበሬው ማሳ ላይ ስለ ሆነ፥ የእርሻ ሹማምንትንም በብርቱ የሚመለከት ነው። ለዚህም ከምሥራቁ አገራችን ሁለት ምሳሌ እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ሐረር ነው። ሐረር ለብዙ ዓመታት የቧንቧ ውኃዋን የምታገኘው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። በሐይቁ ዙሪያ ያሉት ገበሬዎችም ጫትና አትክልት ለማጠጣት ከዚያው በሞተር ይስቡ ነበር። ተዳፋቱም ዛፉንና ሣሩን አጥቶ ስለ ነበረ፥ ክረምት በመጣ ቍጥር አፈሩ እየተጠረገ የሐይቁን ወለል በደለል ሞላው። ከተማውም ገበሬውም እያንዳንዱ የፈለገውን ሲቀዳ፥ ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ደረቀ። ከዚህ በኋላ በድሬዳዋ አካባቢ ካለው ቈላ ውኃ ከጕድጓድ እየተሳበ፥ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ በሞተር ኃይል እየተገፋ ወደ ሐረር እንዲወጣ ግድ ሆነ። ባለፉት ዓመታት ሐይቁ ዳግመኛ ውኃ መያዙ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የቀድሞው ልማድ ካልታረመ የቀድሞው ጥፋት መመለሱ አይቀርም።

ሁለተኛው ድሬዳዋ ነው። ይህ ከተማ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረ ሲሆን፥ የደቻቱ ወንዝ መካከሉን ይከፍለዋል። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለ ሆነ፥ ሰው እንደ ሜዳ ቈጥሮት በአጠገቡ ቤት ሠራ፤ ገበያም አቆመ። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ግን ጎርፉ ሰው በተኛበት ሌሊት ወርዶ ከ250 በላይ ነፍስ አጠፋ። ወንዙ የሄደው በገዛ መንገዱ ነበር፤ በመንገዱ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

የጎርፍን ኃይል በቍጥር መገመት ለማንኛውም ሹም ይቻለዋል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊሜትር ዝናም 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ጋሻ፥ ማለት በ40 ሄክታር ያህል መሬት ላይ 50 ሚሊሜትር ቢዘንም 20,000 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። መሬቱ ሣር፥ ዛፍና እርከን ካለው ብዙው ሰርጎ ምንጭንና ጕድጓድን ይመግባል፤ የተራቈተ ከሆነ ግን አፈሩን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። እንግዲህ ጥማትና ጎርፍ በሩቅ ሲያዩአቸው ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ፥ ሁለቱም ከተራቈተ ተራራ የሚወለዱ ናቸው።

ስለዚህ የከተማ ፕላን የቀረበለት ሹም የሚከተለውን ይመርምር።

1ኛ፤ የወንዙ የጎርፍ ወሰን በካርታው ላይ ተለይቶ እንደ ሆነ። ወሰኑንም ከቀያሹ ሌላ በስፍራው የኖሩትን ሽማግሌዎች ጠይቆ ያረጋግጥ።

2ኛ፤ ከተማውና ገበሬው በዓመት የሚቀዱት ውኃ በአንድ መዝገብ ተጽፎ፥ ከሚገባው ጋራ ተመዛዝኖ እንደ ሆነ። በጕድጓዱ ውስጥ ያለው የውኃ ከፍታ በየወሩ ቢለካ ጥማቱ ሳይደርስ ያስጠነቅቃል።

3ኛ፤ በላይ ላለው ተዳፋት የእርከንና የችግኝ ሥራ ገንዘብ ተመድቦ እንደ ሆነ። ውኃውን የሚጠጣው ከተማው ሲሆን ድካሙን ለገበሬው ብቻ መተው ፍርድ አይደለም።

4ኛ፤ ከጎርፉ ወሰን ለሚነሡት ድኾች፥ ለሥራቸው የሚቀርብ ምትክ ቦታ ተዘጋጅቶላቸው እንደ ሆነ። ምትክ ሳያገኝ የተነሣ ሰው ወደዚያው ስፍራ ይመለሳልና።

ከእነዚህ አንዱ እንኳ መልስ ያጣ እንደ ሆነ፥ ፕላኑ ገና ስላልተፈጸመ ይመለስ። ወረቀት ለማረም የሚፈጀው ጥቂት ወራት ነው፤ የደረቀ ሐይቅ ለመመለስ ግን ብዙ ዓመታት ያልፋሉ፤ በጎርፍ የተወሰደውም ሰው አይመለስም።