በረላምና ይዋሴፍ፦ የቡድሃ ታሪክ በግእዝ መጽሐፋችን



በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ በተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ወይም በእጅ ስልኩ ስለ ቡድሃ ያነበበ ወጣት፥ «ቅዱስ ይዋሴፍ የምትሉት ቡድሃ ራሱ ከሆነ፥ ሃይማኖት ሁሉ አንድ አይደለምን?» ብሎ መምህሩን ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የመጀመሪያው ክፍል እውነትነት አለውና።

መጽሐፈ በረላም ወይዋሴፍን እ.ኤ.አ. በ1553፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ናቸው። ታሪኩ ግን የተወለደው በህንድ ነው። ከጌታ ልደት አስቀድሞ በኖረው በሲዳርታ ጎታማ ሕይወት ላይ ተመሥርቶ፥ በማኒ ተከታዮች በኩል ወደ ሙስሊሞች ዐረብኛ ገባ፤ ከዚያም የጆርጂያ ክርስቲያኖች ተቀብለው ክርስቲያናዊ መልክ ሰጡት፤ ከእነርሱም ወደ ግሪክኛና ወደ ላቲን ተሻገረ። የስሙ ጉዞ ራሱ ያስደንቃል። «ቦዲሳትቫ» በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ተባለ፤ በዐረብኛ ጽሕፈት ሁለቱን ፊደላት የሚለያቸው ነጥብ ብቻ በመሆኑ «ዩዳሳፍ» ተብሎ ተነበበ፤ በግሪክኛ «ዮአሳፍ»፥ በእኛ ዘንድ «ይዋሴፍ» ሆነ። የሮማ የሰማዕታት መዝገብም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኅዳር 27 ቀን ሁለቱን ለብዙ ዘመን ሲያስብ ኖሯል። ምንጩ በሊቃውንት ዘንድ በግልጽ የተረጋገጠው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው።

ይሁን እንጂ መነሻው አንድ የሆነ ታሪክ ፍጻሜውም አንድ ነው ማለት አይደለም። በቡድሃ ታሪክ፥ በቤተ መንግሥት ተከልሎ ያደገው ልዑል ሽማግሌን፥ በሽተኛንና ሬሳን ያያል፤ መናኝም ካየ በኋላ ቤቱን ትቶ በሌሊት ይወጣል፤ ከብዙ ተጋድሎ በኋላም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ በራሱ ተመስጦ ወደ ብርሃን ይደርሳል። መከራ ከምኞት እንደሚመነጭ፥ ምኞት ሲጠፋም መከራ እንደሚጠፋ፥ ወደዚያ የሚያደርሰውም ስምንት ክፍል ያለው መንገድ እንደሆነ አስተማረ። ሁሉን የፈጠረ አምላክን የትምህርቱ መሠረት አላደረገም፤ ሳትለወጥ ጸንታ የምትኖር ነፍስ አለች ማለትንም አልተቀበለም።

የግእዙ ይዋሴፍም በሽታንና እርጅናን አይቶ ይደነግጣል፤ መልሱን ግን ብቻውን አያገኝም። መናኙ በረላም ነጋዴ መስሎ፥ የከበረ ዕንቁ ይዤ መጥቻለሁ ብሎ ይገባል። ዕንቁው ወንጌል ነው (ማቴ 13፡45-46)። ልዑሉ ይጠመቃል፤ ክርስቲያኖችን ያሳድድ የነበረው ንጉሥ አባቱም በልጁ ምክንያት ያምናል። ትልቁ ልዩነት በዚህ አለ፦ በመጀመሪያው ታሪክ ሰው በገዛ ድካሙ ወደ እውነት ይደርሳል፤ በሁለተኛው ግን የሚያድነው ሊፈልገው ወደ እርሱ ይመጣል (1ዮሐ 4፡10)።

በመጽሐፉ ካሉት ምሳሌዎች አንዱ ይህንኑ በሚገባ ያሳያል። አንድ ሰው ከሚያሳድደው አውሬ ሲሸሽ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ከዛፍ ላይ ይንጠለጠላል። ነጭና ጥቁር አይጦች ሥሩን ይቆረጥማሉ፤ ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሰውየው ግን ከቅርንጫፉ የምትንጠባጠብ ማር ስላገኘ ሁሉን ይረሳል። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው፤ ማሩም የዚህ ዓለም ጣዕም ነው፤ በዚህ ቡድሂስቱም ክርስቲያኑም ይስማማሉ። ዘንዶው ግን በቡድሂስቶች አተረጓጐም ሞት ነው፤ ጉድጓዱም ሰው ደጋግሞ የሚወለድበትና የሚሞትበት ዑደት ነው። በክርስቲያኑ መጽሐፍ ዘንዶው ሲኦል ነው፤ ሰው የሚሞተውም አንድ ጊዜ ነው (ዕብ 9፡27)። ምሳሌው ለልጆች የሚመች ስለሆነ በክፍል ቢነገር መልካም ነው።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1965 ባወጣው «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው መግለጫ፥ ቡድሂዝም የዚህን ተለዋዋጭ ዓለም ጎዶሎነት እንደሚገነዘብ መስክሮለታል፤ በሌሎች ሃይማኖቶች ያለውን እውነትና ቅዱስ ነገር ቤተ ክርስቲያን እንደማትጥል፥ ክርስቶስን ከመስበክም እንደማትቦዝን በአንድነት አስታውቋል። ስለዚህ መምህሩ ቡድሂስቶችን «ጣዖት አምላኪዎች» ብሎ በአንድ ቃል ማለፍ አይገባውም፤ ወጣቱን ደስ ለማሰኘት ልዩነቱን መሸፈንም እንዲሁ።

እጨጌ ዕንባቆም ራሳቸው ከየመን መጥተው ከእስልምና ወደ ክርስትና የገቡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1540 ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በጻፉት «አንቀጸ አሚን» ለክርስትና የተከራከሩት ቁርኣንን እየጠቀሱ ነው።