ፍራንክፈርት ላይ ስምንት ሰዓት

ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነስታችሁ ማለዳ ፍራንክፈርት ገብታችኋል። ወደ አሜሪካ የሚወስዳችሁ አውሮፕላን ግን የሚነሳው ከቀትር በኋላ ነው። አብዛኛው መንገደኛ ይህን ሁሉ ሰዓት የእጅ ሻንጣውን እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ ወንበር ላይ እንደተኮራመተ ያሳልፈዋል። ከተማው ግን በባቡር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ለአማርኛ አንባቢም ጨርሶ ባዕድ አይደለም፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

ለመሆኑ መውጣት ይቻላል?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ሁለት ቪዛዎችን መለየት አለበት። የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ ሌላውን ለመያዝ ብቻ ያገለግላል፤ ከግቢው አያስወጣም። ወደ ከተማ ለመውጣት የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። «ግሪን ካርድ አለኝ፣ ምን ያግደኛል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ግሪን ካርድ ከትራንዚት ቪዛው ነፃ ያደርጋል እንጂ ጀርመን አያስገባም። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ግን ያለ ቪዛ ይገባል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ የያዘ ሰው ደግሞ በጣም ይጠንቀቅ፤ ለሦስት ሰዓት ሽርሽር ብሎ ከወጣ ያቺን አንዲት መግቢያውን ተጠቀመባት ማለት ነው።

ሰዓቱን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩት

ቦርዲንግ ፓሱ ላይ 14:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ስልካችሁ የአዲስ አበባን ሰዓት ይዞ እንዳይቀርም ተመልከቱ። ከመጋቢት መገባደጃ እስከ ጥቅምት መገባደጃ ፍራንክፈርት ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሌሎቹ ወራት በ2 ሰዓት።

እንግዲህ 6:00 ላይ አረፋችሁ፣ በረራው 14:00 ነው እንበል። ከበረራው 3 ሰዓት ቀድሞ፣ 11:00 ላይ፣ ኤርፖርት መገኘት ይገባል። ይህን የምለው የአሜሪካ በረራ ተጨማሪ ፍተሻና የሰነድ ጥያቄ ስለማያጣው ነው። ለመውጣት 1 ሰዓት ያዙ፤ ከ2025 ጥቅምት ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነን አጭር ጎብኚ አሻራና የፊት ፎቶ መመዝገብ ስለተጀመረ ሰልፉ ሊረዝም ይችላል። ለባቡር ደርሶ መልስ፣ ጥበቃውን ጨምሮ፣ ሌላ 1 ሰዓት። ስምንት ሰዓት ያለው ሰው በእጁ የሚቀረው ሦስት ሰዓት ነው። አምስት ሰዓት ያለው ምንም አይቀረውም፤ ፊቱን ይታጠብ፣ ቡናውን ይጠጣ፣ የጸሎት ክፍሉ ገብቶ ይረፍ።

ማሩና ቅቤው

ዋናው ሻንጣ እስከ መጨረሻው መድረሻ ተልኮ እንደሆነ አዲስ አበባ ላይ ጠይቁ። የእጅ ሻንጣ ውስጥ ያለ ማር፣ ፈሳሽ ነው ተብሎ ፍተሻው ላይ ሊቀር ይችላል። ቅቤና ቋንጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ ከውጭ የመጣ ሥጋና የወተት ተዋፅኦ ወደ አውሮፓ ኅብረት በመንገደኛ እጅ አይገባም። እናት ያነጠረችው ቅቤ ጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ ሲቀር ማየት ያማል። ከተማ ለመውጣት ያሰበ ሰው የእጅ ሻንጣውን ከቤቱ ጀምሮ ያቅልል።

ባቡሩ

ጣቢያው ከተርሚናል 1 ሥር ነው። ወደ ከተማ የሚወስዱት ኤስ 8 እና ኤስ 9 ናቸው፤ ግንባራቸው ላይ ሃናው ወይም ኦፈንባኽ የሚል ያዙ። ቪስባደን የሚለው ተቃራኒውን ይሄዳል። የሚያግድ በር ስለሌለ ቲኬት የማይጠየቅ ይመስላል፤ ተቆጣጣሪው የሚመጣው ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው፣ ቅጣቱም 60 ዩሮ ነው። ከማሽኑ ቁረጡና ተሳፈሩ።

አንድ ቦታ ምረጡ

ሦስት ቦታ ለማየት የሚሮጥ ሰው ሦስቱንም ሳያይ ይመለሳል። በማለዳ ለደረሰ ሰው የእኔ ምርጫ ወንዙ ነው። ሃውፕትቫኸ ጣቢያ ወርዳችሁ ወደ ደቡብ አሥር ደቂቃ ያህል ስትራመዱ ሮመርበርግ የሚባለው አደባባይ ይገጥማችኋል። በአንድ ጎኑ የተደረደሩት፣ እንጨታቸው ግድግዳው ላይ የሚታየው ቤቶች የጥንት ይመስላሉ፤ የቆሙት ግን በ1980ዎቹ ነው። የቀድሞዎቹ በ1944 መጋቢት የአየር ድብደባ ወድመው ነበር። ከአደባባዩ ጥቂት ወረድ ሲሉ የማይን ወንዝና የእግረኛው የብረት ድልድይ አለ። መሐሉ ላይ ቆማችሁ ወደ ኋላ ዙሩ፤ የድሮው ካቴድራልና የባንኮቹ ሰማይ ጠቀስ ፎቆች አብረው ይታያሉ።

እዚያ ላይ ስትቆሙ ኢዮብ ሉዶልፍን አስታውሱ። ይህ ጀርመናዊ ሊቅ በ1649 ሮም ውስጥ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኘ። የአማራ ሰው የሆኑት አባ በ1652 እሱ ወደነበረበት ወደ ጎታ መጡ፤ ስለ አገራቸውና ስለ ቋንቋቸው ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ። ሉዶልፍ በ1678 ፍራንክፈርት ገብቶ ኑሮውን እዚህ መሠረተ፤ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ–ላቲን መዝገበ ቃላቱ በ1698 የታተሙት በዚህች ከተማ ነው። በ1704 ያረፈውም እዚሁ ነው። ከ300 ዓመት በፊት፣ የእኛ ቋንቋ በአገሩ ማተሚያ ቤት ሳያይ፣ ፊደላችን በዚህ ወንዝ ዳር በእርሳስ ተቀርጾ ቀለም ይቀባ ነበር። ይህን እያወቁ ከተማውን መርገጥና ሳያውቁ ማለፍ ለእኔ በጣም ይለያያሉ።

ትራንዚታችሁ ረፋዱን ተሻግሮ የሚውል ከሆነ ዘንክንበርግ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምን እመክራለሁ። ከዋናው ባቡር ጣቢያ በኡ 4 ሁለተኛው ፌርማታ፣ ቦከንሃይመር ቫርተ፣ ላይ ይወረዳል። የፍራንክፈርት ተወላጁ ኤድዋርድ ሩፐል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜን ድረስ ተጉዞ ያመጣቸው ናሙናዎች ወደዚህ ሙዚየም ስብስብ ገብተዋል። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ የገለጻቸው እሱ ነው። የዋልያና የጭላዳ የሳይንስ ስሞች የእኛኑ ቃል ይዘው ቀርተዋል፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በስሜን ተራራ ስም «ሲመንሲስ» ተብሏል።

እሑድ ከሆነ ሱቅ እንዳታስቡ፤ በሕግ ዝግ ነው።

ስትመለሱ

አሁን የምትፈልጉት ወደ ቪስባደን የሚለውን ነው። ነገር ግን ኤስ 1ም ቪስባደን ይላል፤ በወንዙ ሰሜን በኩል ስለሚሄድ ኤርፖርቱን አይነካም። ቁጥሩን እዩ፤ 8 ወይም 9 ካልሆነ አትሳፈሩ። እኔ አንድ ጊዜ መድረሻውን ብቻ አንብቤ ተሳፈርኩና ሆኽስት ላይ ወርጄ ወደ ኋላ ተመለስኩ። 40 ደቂቃ ሄደብኝ። ከከተማው ቀደም ብዬ ወጥቼ ስለነበር በረራው አላመለጠኝም።