የተጋደመ ቪዲዮ እጅህ ሲገባ

ልጄ፣ የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር መጀመርህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ዛሬ ሰርግ የሚቀርጸው ካሜራ ማኑ ብቻ አይደለም፤ አክስቱም ሚዜውም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ስመው ሲመረቁ ካሜራ ማኑ ውጭ አጃቢዎቹን ሲቀርጽ ከነበረ፣ ያ ምርቃት የሚገኘው አንዲት አክስት ስልክ ውስጥ ብቻ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ተጋድሞ ወይም ተዘቅዝቆ ይደርስሃል። ሌላ ቅጂ የለውምና በጥንቃቄ ያዘው።

1. ችግሩ የት እንዳለ ሳታውቅ ማዞር አትጀምር። የስልኩ ሴንሰር ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ ስልኩን አቆምከውም አጋደምከውም ምስሉን የሚያነበው በአንድ አቅጣጫ ነው። አብዛኛው ስልክ ምስሉን ራሱን አያዞረውም፤ ፋይሉ ውስጥ «ስታጫውት ይህን ያህል አዙረህ አሳይ» የሚል ምልክት ያስቀምጣል፦ 0፣ 90፣ 180 ወይም 270 ዲግሪ። ካርቶን ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት እንደሚታተመው መሆኑ ነው፤ አይቶት በወጉ የሚያስቀምጥ አለ፣ ሳያየው የሚዘቀዝቅም አለ። በአክስቲቱ ስልክ ላይ ቀጥ ብሎ የታየው ቪዲዮ በፍላሽ ሳሎን ቲቪ ላይ ሲሰካ የሚጋደመው ለዚህ ነው፤ ምልክቱን የማያነቡ ማጫወቻዎች አሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተርህ ላይ በቪኤልሲ ክፈተው። ቪኤልሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 2.2 ጀምሮ ምልክቱን እያነበበ ራሱ ያዞራል። እዚያ ቀጥ ካለ ፋይሉ ደህና ነው፣ ያስቸገረው ማጫወቻው ነው። እዚያም ከተጋደመ ምልክቱ ራሱ ተሳስቷል። የሁለቱ መፍትሔ ለየቅል ነው።

2. ዋናውን ፋይል አስመጣ፣ ቅጂውንም ለብቻው አስቀምጥ። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ከተላከ ተጨምቆ ነው የሚደርስህ፤ «እንደ ፋይል ላኪልኝ» በላት። በዋትስአፕም እንደ ዶክመንት ይላክልህ።

3. የተሳሳተው ምልክቱ ከሆነ ምልክቱን ብቻ ለውጥ። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ምስሉን እንዳለ ገልብጦ የዲግሪውን ቁጥር ብቻ ሊቀይር ይችላል። ምስሉ እንደገና ስለማይጨመቅ ጥራቱ ቅንጣት አይቀንስም፣ ረጅም ቪዲዮም ቶሎ ያልቃል። 90 ብለህ በተቃራኒው ከተዘቀዘቀ 270 አድርገው፤ ግን ሁልጊዜ በአዲስ ስም ሴቭ አድርግ።

የቪዲዮው ባለቤት ራሷ እንድታስተካክለው ከፈለግህ፣ አይፎን ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አይኦኤስ 13 ወዲህ ፎቶዎች ውስጥ ኤዲት ብላ፣ የመከርከሚያውን ምልክት ነክታ ማዞር ትችላለች፤ ካልወደደችው ወደ ነበረበት ይመለሳል። አንድሮይድ ላይ ጉግል ፎቶስ ይህንኑ ያደርጋል።

4. ምልክቱ ልክ ሆኖ ቲቪው ካላነበበው ምስሉ ራሱ ዞሮ እንደገና መጨመቅ አለበት። ለዚህ ሀንድብሬክም የምታቀናብርበት ፕሮግራምም ይሆናል። እንደገና መጨመቁ ጥራት ይቀንሳልና ከዋናው ፋይል ተነስተህ አንዴ ብቻ አድርገው፤ የተዞረውን መልሰህ አታዙር። ቪኤልሲ ውስጥ ያለው የማዞሪያ ማስተካከያም እንዳያታልልህ፤ እሱ የሚያዞረው እይታውን ነው። አንተ ጋ ቀና ብሎ ያየኸው ቪዲዮ ደንበኛህ ቤት ሲደርስ ያው እንደተጋደመ ነው።

ስልኩ ቆሞ የተቀረጸ ቪዲዮ ሲቃና ቲቪው ላይ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። ይሁን፣ ተወው። ስክሪኑ ይሙላ ብለህ ከላይና ከታች ከቆረጥክ፣ የሚቆረጠው የሚመርቁት አባት ፊት ወይም የተሳመው ጉልበት ነው። ለዚያ ብሎ ቪዲዮውን መለጠጥማ ጨርሶ አይታሰብ።

5. ሲቀርጽ መሀል ላይ ስልኩን ያዞረ ሰው ቪዲዮ ከሁሉም ያደክማል። ስልኩ አቅጣጫውን የሚወስነው መቅረጽ ሲጀምር ነው፤ ከዚያ በኋላ ብታዞረውም ምልክቱ አይቀየርም። ስለዚህ የዞረበትን ቦታ ፈልገህ ቁረጥ፣ ሁለተኛውን ክፍል ብቻ አቃና፣ ሁለቱንም በ1920 በ1080 ፍሬም ውስጥ አገናኛቸው።

6. ለሚዜዎቹ ከሰርጉ በፊት ይህንን ንገራቸው። ስልኩ የቱ ጎኑ ወደ ላይ እንደሆነ የሚያውቀው የመሬትን ስበት በሚለካ ሴንሰር ነው። ኬክ ሲቆረስ ከአናቱ ለመቅረጽ ስልኩን ወደ ታች ካጋደሙት ስበቱ በጀርባው በኩል ስለሚሆን መለየት ያቅተዋል፣ ያሰኘውን ምልክት ያስቀምጣል። መጀመሪያ ስልኩን በሚፈልጉት አቅጣጫ ቀና አድርገው ይያዙት፤ ስክሪኑ ላይ ያሉት ትንንሽ ምልክቶች፣ የፍላሹም የሌላውም፣ ወደዚያው ሲዞሩ ያያሉ። ቀዩን የመቅረጫ ቁልፍ የሚነኩት ያኔ ነው፣ ከዚያ ወደ ኬኩ ዝቅ ያድርጉት።

7. ፍላሹን ለቤተሰቡ ስታስረክብ በገዛ ቲቪያቸው ላይ ሰክተህ፣ ከስልክ የመጡትን ቦታዎች አንድ በአንድ አብረሃቸው እይ። ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች የሚላክ ካለ እሱንም ከዚያው ከተረጋገጠው ፋይል ላክ።