ቤት ገዢው በደላላና በባንክ መካከል
(አቃቂ ቃሊቲን መነሻ ያደረገ አጭር ጥናት)

ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነሥቶ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚሄድ ሰው በየምሰሶውና በየአጥሩ ላይ «የሚሸጥና የሚከራይ ቤት አለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያነባል። ከወረቀቱ ግርጌ የስልክ ቍጥር ተጽፏል፤ የባለ ስልኩ ስም ግን ብዙ ጊዜ የለም። ጥቂት ራመድ ሲል ደግሞ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ያጋጥመዋል፤ በመስተዋቱም ላይ ለቤት መግዣ ብድር እንደሚሰጥ ተገልጿል። ደላላውና ባንኩ በአንድ መንገድ ዳር የሚውሉ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱም ያው አንዱ ሰው ቤት ሲገዛ ይጠቀማሉ። የሆነ ሆኖ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። ያንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርሰው፣ ወረቀቱን ተሸክሞ የሚመላለሰው፣ በመካከላቸውም ባለው ክፍተት የሚወድቀው ገዢው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ክፍተት መመርመር ነው።

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ወለድና ስለ ቀብድ መጻፋችን ለአንዳንድ ጓደኞቻችን፣ ይልቁንም ለንግድ ሥራ ተማሪዎች፣ ሳቅ ሳያመጣ አይቀርም። ይሁን እንጂ ዛሬ በዶርሚተሪ በተደራራቢ አልጋ የምንተኛው ሁሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በደመወዝ የምንኖር ሰዎች ነን፤ ከመካከላችንም ቤት በጥሬ ገንዘብ ለመግዛት የሚችል እጅግ ጥቂት ነው።

ደላላ ማለት ሻጭና ገዢን አፈላልጎ የሚያገናኝና ስለ ድካሙ ዋጋ የሚቀበል ሰው ነው። ስሙ በሕዝብ ዘንድ የተናቀ ቢሆንም ሥራው ሕግ የሚያውቀው ነው፤ የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ እንኳ ስለ ደላላ በአንቀጽ ደንግጎ ነበር። በአሜሪካን አገር ከቤት ደላላው ሌላ የብድር ደላላ የሚባል አለ። ይህ ሰው የራሱ ገንዘብ የለውም፤ የገዢውን ገቢና ዕዳ መርምሮ የሚስማማውን አበዳሪ ይፈልግለታል። ገዢውም ቤት ማየት ሳይጀምር ምን ያህል ሊበደር እንደሚችል የሚገልጽ ደብዳቤ ከአበዳሪው ይቀበላል፤ የቤት ደላላው ደብዳቤውን አይቶ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ቤት ይተወዋል። ይህ መተባበር ግን የራሱ በሽታ አለው። ደንበኛ ስለ ላከ ብቻ ጉርሻ መቀበል ልማድ ስለ ሆነ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ከ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የገንዘብ ቀውስ በፊትም ብዙ የብድር ደላሎች ተበዳሪው ይክፈል አይክፈል ሳይጨነቁ በብድሩ መጠን ብቻ ይከፈላቸው ነበር። የእነሱ ችግር ከመጠን ያለፈ መወዳጀት ነው ለማለት ይቻላል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የብድር ደላላ በቃሊቲ አደባባይ ቆመን ብንፈልግ አናገኝም፤ የሚገኘው ወረቀት የሚያመላልስ ጉዳይ ገዳይ ነው።

በአገራችን ለቤት ማበደር አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት ለዚሁ ሥራ የቆሙ ሁለት ድርጅቶች ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ ሁለቱ ተዋሕደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ሆኑ። ይኸው ባንክ ከደርግ ውድቀት በኋላ ስሙን ወደ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ለውጦ፣ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. ጎህ ቤቶች ባንክ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ለቤት ብቻ የቆመ ባንክ አልነበረም። የሌሎቹ ባንኮች ብድር ንግድን ይከተላል፤ ነጋዴ በወራት የሚመልሰውን ገንዘብ ትቶ ለመምህር ለ20 ዓመት ማበደር የሚወድ ባንክ ብዙ አይደለም።

ሻጭና አበዳሪ በእርግጥ ተባብረው የሠሩበት አንድ መንገድ ቢኖር የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤት ነው። በ20/80 መርሐ ግብር ገዢው 20 በመቶውን ቆጥቦ ያቀርባል፤ 80 በመቶውን ንግድ ባንክ ያበድረዋል። ዋጋው በመንግሥት የተቈረጠ ስለ ሆነ ገማች አያስፈልግም፤ ቤቱን የሚሰጠው ዕጣ ስለ ሆነ ደላላ አያስፈልግም። በአቃቂ ቃሊቲ በጋላን፣ በቂሊንጦና በቱሉ ዲምቱ የቆሙት ሕንጻዎች በዚህ ዐይነት ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። ችግሩ ተራው ነው። በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው እስከ ዛሬ ዕጣ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። ተራው የራቀበት ሰው ወደ ደላላው ይሄዳል።

አቃቂ ቀድሞ ራሱን የቻለ ከተማ ነበር፤ የጅቡቲ ባቡር ያለፈበትና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለበት የሠራተኛ አገር ነው። ከዚያ ወዲህ ቀላል ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ቃሊቲ ደርሶ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድም ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ፣ አካባቢው ከመሀል ከተማ የተገፋው ሁሉ የሚመለከተው ሆኗል። በዚህ ክፍለ ከተማ የሚሸጥ ቤት አንድ ዐይነት አይደለም። ነባር ይዞታ አለ፤ በሊዝ የተያዘ አለ፤ የጋራ መኖሪያ ቤት አለ፤ ካርታ የሌለው፣ ሕዝቡ ጨረቃ ቤት የሚለው አለ። ለደላላው ሁሉም ቤት ነው። ለባንኩ ግን ቤት ማለት ካርታ ያለው ብቻ ነው። ከዚህ ላይ የመጀመሪያው አለመግባባት ይጀምራል፤ ደላላው «ካርታው በሂደት ላይ ነው» ሲል ለባንኩ ያ ቤት የለም ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የቀብዱ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት እንቆይበት። ባንኩ የቤቱን ካርታ ሳያይና መሐንዲስ ልኮ ሳያስገምት ብድር አይፈቅድም። ሻጩ ደግሞ ቀብድ ሳይቀበል ካርታውን ለማንም ማሳየት አይወድም፤ እውነቱን ለመናገር ፍርሀቱ መሠረት አለው፤ በካርታ ቅጂ የሚሠራው ተንኮል ብዙ ነው። ደላላውም ገዢው እንዳያመልጠው ስለሚሠጋ «ቀብድ ጣሉና ይያዝላችሁ፤ ሌላ ፈላጊ መጥቷል» ይላል። ገዢው ቀብዱን ይከፍላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቍጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ሕጉ ለሁለቱም ሚዛን የጠበቀ ይመስላል። ነገር ግን ውሉ የሚፈርሰው በሻጩም በገዢውም ፈቃድ ሳይሆን በሦስተኛው ወገን፣ በባንኩ፣ መልስ የሆነ ጊዜ ኪሳራው የሚያርፈው በገዢው ላይ ነው።

በምሳሌ እናስረዳ። አንድ መምህር በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለን ቤት በ6,000,000 ብር ለመግዛት ተስማማ እንበል። ባንኩ የግምቱን 70 በመቶ እንደሚያበድር ሰምቷል። ስለዚህ 4,200,000 ብር አገኛለሁ ብሎ ያስባል፤ ቀሪውን 1,800,000 ከቁጠባው፣ ከዕቁብና ከዘመድ አሰባስቦ 300,000ውን ቀብድ ይከፍላል። ከሳምንታት በኋላ የባንኩ ግምት 4,500,000 ሆኖ ይመጣል። 70 በመቶው 3,150,000 ነው። የጐደለው 1,050,000 ብር ነው። ይህን ካላገኘ ቀብዱ ቀረ ማለት ነው።

ግምቱ ለምን ከገበያው ያንሳል? ብዙዎች መሐንዲሱን ይወቅሱታል፤ እኛ ግን ምክንያቱ ከዚያ የጠለቀ ነው እንላለን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ሰው የሚሸጠው በላዩ ያለውን ቤትና የይዞታ መብቱን ነው። በገበያው ግን ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፍለው ለቦታው ነው፤ ለአስፋልቱ ቅርበት፣ ለባቡሩ ፌርማታ፣ ለውሃው መምጣት። ገማቹ ሲሚንቶውን፣ ብረቱንና ቆርቆሮውን ቈጥሮ ለአካባቢው ጥቂት ይጨምራል፤ የቀረውን ደፍሮ መጻፍ ይከብደዋል፤ ባንኩም ዋጋው ቢወድቅ እንዳይጐዳ ዝቅ ያለውን ይመርጣል። እንግዲህ ደላላውና መሐንዲሱ አንድን ቤት እያዩ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይናገራሉ። ሁለቱም አልዋሹም።

በዚህ ላይ ሌላ ልማድ ይጨመራል። የስም ማዛወሪያና የቴምብር ክፍያ እንዲቀንስ ሻጭና ገዢ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ ያስጽፋሉ፤ ደላላውም «ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» ብሎ ያደፋፍራል። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ምናልባት ያልፍለት ይሆናል። በብድር የሚገዛ ሰው ግን ራሱን በራሱ ይወጋል፤ ባንኩ ውሉን አይቶ ከዚያ በላይ የሚያበድርበት ምክንያት የለውም። ሽያጩ በፍርድ ቤት ቢፈርስም ተመላሽ ሊጠይቅ የሚችልበት ማስረጃ ያቺው ያነሰችው ዋጋ ናት።

የደላላው ዋጋ አከፋፈልም ነገሩን ያባብሳል። በልማድ ከሻጭም ከገዢም 2 በመቶ ይባላል፤ ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ ከእያንዳንዳቸው 120,000 ብር ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው ሽያጩ ሲፈጸም ነው። ስለዚህ በጥሬ ገንዘብ ዛሬ የሚከፍል ገዢና በባንክ ከሁለት ወር በኋላ የሚከፍል ገዢ በደላላው ዐይን እኩል አይደሉም። በብድር የሚገዛው ከወረፋው መጨረሻ ይቆማል፤ ወይም ሻጩን ለማስታገሥ ተጨማሪ ዋጋ ይጠየቃል። ከሁለቱም ወገን የሚቀበል ሰው ለማን እንደሚከራከርም ግልጽ አይደለም።

ስለ ጋራ መኖሪያ ቤት አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን 5 ዓመት ሳይሞላ እንዳይሸጥ የአዲስ አበባ ዐዋጅ ከልክሎ ነበር። ደላላው መላ አላጣም፤ ሽያጩን በውክልና ይሸፍነዋል። ገዢው ሙሉ ገንዘቡን ከፍሎ በእጁ የሚይዘው የውክልና ወረቀት ነው። ወካዩ ቢሞት ውክልናው በመሠረቱ ይቀራል፤ ወራሾቹም መጥተው ቤቱ የአባታችን ነው ይላሉ። በዚህ መንገድ ለሚገዛ ሰው ባንክ አያበድርም፤ ባንክ ያልነካውን ነገር ደመወዝተኛ ለምን እንደሚነካው ማሰብ ደግ ነው። ዕዳው ያላለቀ ቤት ሲሆን ደግሞ ካርታው በአበዳሪው ባንክ እጅ ነው፤ ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑን ከደላላው አፍ ሳይሆን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ባንኩ በበኩሉ ራሱን አጥብቆ ጠብቋል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት መደረግ እንዳለበት ቍጥር 1723 ያዛል፤ ለባንክ የሚሰጥ መያዣ ግን በ2001 ዓ.ም. ማሻሻያ ከዚህ ግዴታ ወጥቷል። ተበዳሪው ካልከፈለም በ1990 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 97 መሠረት ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቤቱን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የብድሩ ጊዜም በተበዳሪው እጅ አይደለም፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲወስን (ጣሪያው በኋላ ከፍ ተደርጓል)፣ ተስፋ የተሰጠው ብድር ሁሉ ወረፋ ያዘ። የቀብዱ ቀን ግን ለብሔራዊ ባንክ መመሪያ አይቆምም። በ2017 ዓ.ም. ስለ ሪል እስቴት ልማትና ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታ ዐዋጅ ወጥቷል፤ ግመታ በሕግ መመራቱ በጎ ነው። ከምሰሶው ላይ ያለችው ስም የለሽ ወረቀት ግን እዚያው ናት።

ታዲያ ገዢው ምን ያድርግ? ከደላላው በፊት ወደ ባንኩ ሄዶ፣ የደመወዙን ማስረጃ አቅርቦ፣ በወር ምን ያህል መክፈል እንደሚችልና ባንኩ በዚያ አካባቢ እንዴት እንደሚገምት መጠየቅ ይችላል። ይህን ለመጠየቅ ገንዘብ አይጠየቅም። በቀብዱ ውል ላይም «ገዢው እስከዚህ ቀን ድረስ ይህን ያህል የባንክ ብድር ካልተፈቀደለት ቀብዱ ሳይጐድል ይመለሳል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ማስገባት ይቻላል። ውል በሁኔታ ላይ እንዲመሠረት ሕጉ ይፈቅዳል። ለሻጩም ቀኑ ስለ ተቈረጠ ቤቱ ያለ ገደብ ታስሮ አይቀርበትም።

ይህን አሳብ በቱሉ ዲምቱ ላነጋገርናቸው ደላሎች ስናቀርብ አብዛኞቹ ሣቁ፤ ሻጭ እንዲህ ያለ ውል አይፈርምም አሉን። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ግን አልሣቁም። ከኪሳቸው አሮጌ ደብተር አውጥተው አሳዩን፤ ስሞቹ በሁለት ዐምድ ተጽፈዋል። ባንድ በኩል በጥሬ ብቻ የሚሸጡ፣ በሌላው በኩል 2 ወር መታገሥ የሚችሉ ሻጮች ናቸው። «ብድር የሚፈልገውን በመጀመሪያ ራሴ ባንክ እወስደዋለሁ» አሉን። «ቀብዱ የሚበላበት ሰው እኔንም ሲረግመኝ ይኖራል፤ ኮሚሽኑም አይመጣም፤ ለምን ብዬ!» ከሁለተኛው ዐምድ በዚያ ሳምንት የነበሩት ሻጮች 4 ብቻ ነበሩ።